ለአንድ ሦስት ቁጥር ማሊያ

ሴይኒ ሎሎሄያ ሰው መምታት የጀመረችው በአሥራ አራት ዓመቷ ነው። እስከዚያ ድረስ ተመቺዋ እሷ ነበረች። አውስትራሊያ፣ ማውንት ድሩይት ውስጥ፣ ከትምህርት ቤቷ ፊት ለፊት ካለው አውቶቡስ መጠበቂያ፣ ሦስት ሴት ልጆች በየቀኑ ይጠብቋትና "ላሟ መጣች! እስቲ እምቧ በዪ!" እያሉ ቦርሳዋን መንገድ ላይ ይዘረግፉባታል። አንድ ሐሙስ ግን በቃት። የመሪያቸውን ፀጉር በእጇ ጠቅልላ ሳበችና በግንባሯ አፍንጫዋን አለቻት። አፍንጫው ቀጭ ሲል ከመንገዱ ማዶ ተሰማ። ሁለተኛዋን ከአጥሩ ጋር አጣበቀቻት፤ ሦስተኛዋ አንድ ጫማዋን ጥላ በረረች። ይህን ያየው የስፖርት አስተማሪ በደንብ ቀጣት፤ ከቀጣት በኋላ ደግሞ ለብቻዋ ጠርቶ "ይህንን ጉልበት ሩግቢ ሜዳ ላይ ብታመጪው ይጨበጨብልሻል" አላት። አሁን ይሄ ምክር ነው? ለሴይኒ ግን ምክር ሆነላት።

ከዚያ ወዲህ አሥራ ስምንት ዓመት ተጫወተች። ቀን ቄራ ትሠራለች፤ የበሬውን ብልት ከመንጠቆ አውርዳ፣ በትከሻዋ ተሸክማ፣ መኪና ላይ ትጭናለች። ከሥራ ስትወጣ ወደ ሜዳ። የግራ ጆሮዋ ከመጨፍለቅ ብዛት አብጦ ደርቋል፣ ሁለት የፊት ጥርስ የላትም፣ የቀለበት ጣቷ ወደ ውጭ ዞሮ እዚያው ቀርቷል። ለአውስትራሊያ ብሔራዊ ቡድን አሥራ አንድ ጊዜ ተሰልፋለች፤ አሥራ አንዱንም ጊዜ መዝሙሩ ሲዘመር እንደ ሕፃን አልቅሳለች። ቄራ ያሉት ወንዶች ሰኞ ጠዋት "ሴይኒ፣ ቅዳሜ ማንን ሰበርሽ?" ይሏታል። "ወረፋህን ጠብቅ" ትላቸዋለች።

ቦታዋ ሦስት ቁጥር ነው። ለመታየት ለሚወድ ሰው የሚሆን ቦታ አይደለም። ስምንት ሰው ከስምንት ሰው ጋር ጎንበስ ብሎ፣ ጭንቅላት ከጭንቅላት ጋር ተቆላልፎ ሲገፋፋ፣ ማለት ስክረም የሚሉት ነገር ሲመጣ፣ የራሷ ሰዎች ክብደት ከኋላ፣ የተጋጣሚው ክብደት ከፊት መጥቶ የሚያርፈው ሦስት ቁጥር አንገት ላይ ነው። እዚያ ታች ዳኛ የማያየው ስንት ጉድ አለ! ይነከሳል፣ ይቆነጠጣል፣ ዓይን ውስጥ ጣት ይገባል። ሴይኒ ሁሉንም ቀምሳለች፤ ሁሉንም አቅምሳለች።

ሉፔ የወንድሟ የሞሴሴ ልጅ ነች። ሴይኒ በዘጠኝ ዓመት ብትበልጣትም ያደጉት በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። ዘራቸው ከቶንጋ ደሴቶች ነው፤ የቶንጋ ሰው ዘንድ ደግሞ የአባት እህት ቀልድ አይደለችም። በሠርጉም በለቅሶውም ከፊት የምትቀመጠው እሷ ነች፣ ከምግቡ ቀድማ የምታነሳው እሷ ነች፤ የወንድሟ ልጆች ቃሏን አይመልሱም፤ ወንድሟ ራሱ ፊቷ ቆሞ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ታዲያ ሉፔ "እኔም ሦስት ቁጥር እሆናለሁ" ያለች ቀን ማን እጅ ላይ እንደወደቀች ይታያችሁ።

ሴይኒ የሞሴሴን ፒክአፕ መኪና ጓሮ ታቆምና ጋቢና ገብታ ፍሬኑን ትረግጣለች። በአንድ እጇ የሥጋ ፓይ ይዛ እየገመጠች "ግፊ!" ትላለች። ሉፔ ከኋላ ትከሻዋን ደግፋ ትገፋለች። እግሯ ከተንሸራተተ ሴይኒ ፓይዋን መሪው ፊት አስቀምጣ ትወርድና ጎድኗን በጉልበቷ ትላታለች።

"ምንሽን አመመሽ?"

"ጎድኔን፣ አክስቴ።"

"ጀርባሽን ስታጎብጪ እሱን ነው የሚሰብሩልሽ። እንግሊዞቹ እንደ እኔ አያዝኑልሽም። ቀና በዪ!"

ሞሴሴ ይህን በኩሽናው መስኮት ያያል፤ ያይና መጋረጃውን ይስባል። እህቱን ምን ሊላት! አምስት ዓመት እንዲህ ሲሆን ቆይቶ፣ አንድ ቀን ሉፔ መኪናውን ፍሬኑ እንደተረገጠ አንድ ክንድ ያህል አስኬደችው። ሴይኒ ወርዳ የጎማውን ፋና እያየች ቆመች። የተረፈውን ፓይ ሰጠቻት።

በየዓመቱ የካቲት ላይ የብሔራዊ ቡድኑ እጩዎች የጭንቅላት ፈተና አለባቸው። የቡድኑ ሐኪም ዶክተር ማርጎ ቲንዳል አሥር ቃል ትነግራቸዋለች፣ ይደግሙላታል፤ ቁጥር ከኋላ ወደ ፊት ይጠራሉ፤ በአንድ እግር ይቆማሉ። ጤነኛ ሳሉ ያገኙት ውጤት ይመዘገባል። በዓመቱ ውስጥ ጭንቅላቷን የተመታች ተጫዋች ያንኑ ፈተና ትደግማለች። ከየካቲቱ ካነሰች ትወጣለች፣ እኩል ካመጣች ተመልሳ ትጫወታለች። እንግዲህ ተንኮሉ የት ላይ እንደሆነ ገብቷችኋል።

"ስትፈተኚ ሰነፍ ሁኚ" አለቻት ሴይኒ። "አሥሩንም ብታስታውሺ አራት ብቻ በዪ። ቁጥሩን አሳስቺ። በአንድ እግር ስትቆሚ ትንሽ ተንገዳገጂ። የፊት መስመር ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። እኔ ይኸው አሥር ዓመቴ።"

"ሐኪሟ ደደብ ነሽ ብትለኝስ?"

"ሦስት ቁጥር ነኝ በያት። ይገባታል።"

ሉፔ የተባለችውን አደረገች። የአክስት ቃል ነዋ! ወደ ቤት ሲመለሱ ሉፔ የሐኪሟን የተጨነቀ ፊት እያስመሰለች መኪናው ውስጥ በሳቅ ፈረሱ።

ሐምሌ ላይ ለዓለም ዋንጫው የሚሄዱት ሠላሳ ሁለት ሰዎች ሊመረጡ ሆነ። ሦስት ቁጥር የሚጫወቱ ሦስት ይያዛሉ፤ ሁለቱ ታውቀዋል። ለአንዲቷ ቀሪ ቦታ አሰልጣኙ ግሬግ ሃላዳይ ሁለት ስም ብቻ አስቀረ። ሁለቱም ሎሎሄያ።

"ቅዳሜ የምርጫ ጨዋታ ነው" አለ በስልክ። "አንቺ በአረንጓዴው፣ የወንድምሽ ልጅ በቢጫው። የቀረውን ሜዳው ይነግረኛል።"

ሴይኒ ሁለት የዓለም ዋንጫ አምልጧታል። አንዱን የትከሻ አጥንቷ ተሰብሮ፣ ሌላውን ሻንጣዋን ካሰረች በኋላ ስሟ ተሰርዞ። የሚቀጥለው ሲመጣ ሠላሳ ስድስት ይሞላታል፤ ጉልበቶቿ እስከዚያ እንደማይቆዩ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህቺ የመጨረሻዋ ነች። ለሉፔም የመጀመሪያዋ ነች። ዓርብ ከሥራ መልስ እራት ላይ ተቀመጡ፤ ሴይኒ ከሉፔ ሳህን ላይ ትልቁን ሥጋ አነሳች።

"ነገ ከመጣሽብኝ አልምርሽም።"

"አክስቴ፣ አንቺ እኮ ጡረታ ደርሶሻል። ጉልበትሽ ሲታጠፍ ጎረቤት ይሰማል።"

"ነገ አንቺ ስትሰበሪ ቶንጋ ድረስ ይሰማል።"

ሁለቱ ተሳሳቁ። ሞሴሴ አልሳቀም፤ ሳህኖቹን ሰብስቦ ሊያጥብ ሄደ።

ቅዳሜ ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። ሜዳው ጭቃ ሆኗል። አራቱ መራጮች ደብተራቸውን ይዘው ዣንጥላ ሥር ቆመዋል፤ ሞሴሴ ከገመዱ ውጭ እጆቹን ኪሱ ከቶ ቆሟል።

በመጀመሪያው ስክረም ሴይኒ የገጠመቻት የቢጫው አንድ ቁጥር የብሪዝበን ፖሊስ ነበረች። ሁለቱ ግንባር ለግንባር ሲላተሙ የሴይኒ ቅንድብ ተሰነጠቀ፤ ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገባ።

"ደህና አደርሽ፣ መኮንን" አለች ሴይኒ ከታች፣ አገጯን የፖሊሷ አንገት ላይ እየቀበረች።

"ዝም ብለሽ ግፊ፣ አሮጊት!"

"ክሰሽኝ!" አለችና አጠማዝዛ ጭቃ ውስጥ ዘፈቀቻት።

ጥሩ ነበር። ችግሩ፣ መራጮቹ ወደ እሷ አያዩም። ከስክረሙ በሌላው ወገን ሉፔ የአረንጓዴዋን አንድ ቁጥር ትፈጫታለች። አንዴ ወደ ኋላ ሰደደቻት፣ ሁለተኛ በደረቷ አስተኛቻት፣ በሦስተኛው እግሯን ከመሬት አነሳቻት። አራቱም መራጮች ጎንበስ ብለው ጻፉ። ሴይኒ ይህን አይታ ደሟ ፈላ። ኩራት ነው? ቅናት ነው? ሁለቱም ነው፤ ምን እንደብቃለን!

ወዲያው ሴይኒ ወድቃ ሳለ አንዷ ቢጫ ጣቷን በጫማ ረገጠቻት። ሴይኒ ተነስታ ማን እንደረገጣት እንኳ ሳታጣራ የቅርቧን ሰው አፏ ላይ በቡጢ አለቻት። ጉድ ፈላ! አሥር ሰው ተያያዘ፣ ማሊያ ተቀደደ፣ አንዲቷ ጥርሷን በመዳፏ ተፋች። ዳኛው ፊሽካውን እየነፋ በመካከል ሲገባ እሱም ክርን ቀመሰ፤ ማን እንደጀመረው ስላላየ ማንንም አላስወጣም። መራጮቹ ይህንንም ጻፉ።

በሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ሉፔ ኳሱን ያዘች። ከአሥር እርምጃ ተነስታ፣ ያ ሁሉ ባዶ ሜዳ እያለላት፣ አክስቷን መርጣ መጣች። ሴይኒ እግሯን ይዛ መጣል ትችል ነበር። ሥራዋ እሱ ነው፣ ያስተማረቻትም እሱን ነው። ነገር ግን እግር ይዞ መጣልን መራጭ አይጽፈውም። ቀና ብላ በሙሉ ክብደቷ ገባችባት። ትከሻዋ ደረቷ ላይ አረፈ፣ ተንሸራቶ አገጯን አገኘው፤ ሉፔ ወደ ኋላ ተወረወረችና ማጅራቷ መሬቱን መታው። ሴይኒ ከላይዋ ወደቀች። ዳኛው ከኋላቸው ስለነበር ትከሻው አገጭ መምታቱን አላየም።

ሴይኒ ግን ከሥሯ ያለውን አየች። የሉፔ ዓይን ነጩ ብቻ ቀርቷል። ቀኝ ክንዷ እንደ እንጨት ደርቆ፣ ጣቶቿ ተገትረው ወደ ሰማይ ቆመዋል። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ዓይኗ ተመለሰ፣ ክንዷ ወደቀ። በሴይኒ ሰፊ ሰውነት ተጋርዶ ነበርና ሌላ ያየ የለም። ክንዷ የተገተረ ተጫዋች ፈተና የሚባል ነገር የላትም፤ በቀጥታ ትወጣለች። ይህን የሩግቢ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ዶክተር ማርጎ ሮጣ መጣች። "ምን አየሽ?"

"ምንም" አለች ሴይኒ። "አየር አጥሯት ነው መሰለኝ።"

ለምን እንዲህ አለች? ሜዳ ላይ ሰው አይጠቆምም፣ አንድ። ሁለተኛውን ደግሞ ኋላ ራሷ በአፏ ስለተናገረችው አልደብቅላትም። "ፈተናው ራሱ ያስወጣታል፣ እኔ አፌን መክፈት የለብኝም፣ ማሊያውም የኔ ይሆናል" ብላ ነው ያሰበችው። የካቲትን ረስታዋለች! በገዛ አፏ ያስተማረችውን ተንኮል ያን ጊዜ ጨርሳ ረስታዋለች።

ለፈተና የወጣችው ሉፔ ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በኋላ ተመልሳ ሜዳ ስትገባ ሴይኒ ክው አለች። አራት ቃል፣ የተሳሳተ ቁጥር፣ መንገዳገድ፤ ልክ እንደ የካቲቱ። ሐኪሟ ምን ታድርግ? ወረቀቱ እኩል ነው።

ስክረም ተጠራ። ሉፔ መጥታ አረንጓዴዎቹ መካከል፣ ሴይኒ አጠገብ ቆመች።

"ስንት ለስንት ነን?" አለቻት።

"ያንቺ ቡድን ያ ነው።"

"እሺ እማዬ" አለች ሉፔ። እናቷ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል።

ሴይኒ ወደ እሷ ዞረች። ማሊያዋን ጨምድዳ ያዘቻት። "ውጪ። አሁኑኑ ውጪ፣ ጭንቅላትሽ ተጎድቷል።"

"ምንም አልሆንኩም።"

"የአባትሽ እህት ነኝ፣ ውጪ ብዬሻለሁ!"

ሉፔ በሃያ ሦስት ዓመቷ አንድ ጊዜ እንኳ ያን ቃል መልሳ አታውቅም። አሁን ግን የሴይኒ እግር ሥር ተፋች። "አልወጣም! እያሸነፍኩሽ ስለሆነ ነው! ቦታዬን ልትወስጂ ነው፣ አንቺ ምቀኛ!" ብላ በቡጢ ደረቷን ገፋቻትና ወደ ቢጫዎቹ ዞረች።

"ዳኛ፣ አቁም!" ጮኸች ሴይኒ።

"ቦታሽን ያዢ፣ ሦስት ቁጥር!"

አሥራ ስድስት ሰው ጎንበስ ማለት ጀመረ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ያ ሁሉ ክብደት፣ ሉፔ አንገት ላይ። ሴይኒ ተሻግራ ሉፔን ከወገቧ አንስታ፣ እንደ በሬ ብልት ትከሻዋ ላይ ጣለቻትና ወደ መስመሩ መራመድ ጀመረች።

ሜዳው አበደ። ሉፔ ተዘቅዝቃ እየጮኸች ጀርባዋን ደበደበቻት፤ ቀና ብላ ፊቷን መታቻት፣ አፍንጫዋ ተሰበረ። ጆሮዋን ነከሰቻት። ቢጫዎቹ "ልቀቂያት!" እያሉ ጀርባዋ ላይ ተንጠለጠሉ፤ ፖሊሷ አንገቷን ከኋላ አነቀቻት። ሴይኒ በክርኗ ጎድኗን ስትላት ወደቀች፤ ሌላዋን ረግጣ አለፈች። አርባ ሜትር ነው። በአፏ ደም እየተነፈሰች፣ ሁለቴ ተንበርክካ ሁለቴ ተነስታ፣ ሉፔን ዶክተር ማርጎ እግር ሥር አስቀመጠቻት።

"የየካቲቱ ፈተና ውሸት ነው! እኔ ነኝ አሳስቺ ያልኳት። ክንዷ ተገትሮ ነበር፣ አይቻለሁ፣ ዝም አልኩ!"

ግሬግ ሃላዳይ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ደረሰ። "አብደሻል? ቦታውን በዚህ አገኛለሁ ብለሽ ነው?"

"ቦታህን ለውሻ ስጠው!"

ዶክተር ማርጎ የሉፔን ዐይን ሽፋን ስትገልጥ አንደኛው ብሌን ከሌላኛው ሰፍቷል። ሉፔ "ይቺን ሴትዮ አስወጡልኝ" አለች፣ አስመለሳት፣ ከዚያም ተዘረረች።

አምቡላንሱ ሲመጣ ሞሴሴ ገመዱን ተሻግሮ እህቱ ፊት ቆመ። ሁሉንም ሰምቷል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን አነሳባትና በጥፊ አጮላት፤ ከተሰበረው አፍንጫዋ ደም ተረጨ።

"ድገመኝ" አለችው።

አልደገማትም። ልጁ ወዳለችበት አምቡላንስ ገባ።

ሆስፒታል የሉፔን ራስ ቅል ከፍተው የረጋ ደም አወጡላት። "አንድ ግፊያ ቢጨመር ኖሮ ቀብሯን ነበር የምታስቡት" አላቸው ቀዶ ሐኪሙ። ሦስተኛው ቀን ላይ ነቃች። እግሯ ደህና፣ አፏ ደህና። ሩግቢ ግን ለዕድሜ ልኳ አበቃ። ሴይኒ ቄራ ሳትሄድ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሰነበተች፤ ሞሴሴ እያየ አያያትም፣ ሉፔም አታስገቧት ብላለች።

ረቡዕ ዕለት ዶክተር ማርጎ ወረቀቷን ይዛ ኮሪደሩ ላይ መጣች። "አሥር ዓመት የሐሰት ወረቀት ይዤልሻለሁ። አሁን እውነቱን እፈልጋለሁ" አለችና ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረች፤ "ግሬግ በጣም ተናዷል። ግን ሦስተኛ የሚይዘው ሦስት ቁጥር የለውም። በእውነት ተፈትነሽ ካለፍሽ ላስብበት ብሏል።"

እዚህ ላይ የሴይኒ ልብ ዘለለች። አፈረች፣ ግን ዘለለች። ቀጥ ብላ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ እያንዳንዱን ቃል ከሐኪሟ ከንፈር እየለቀመች በልቧ ደጋገመችው። በሕይወቷ እንዲህ የጣረችበት ስክረም የለም።

"በዪ።"

"ጣት። ሳንቲም። ብርድ ልብስ።" ቆመች። "ሎሚ።" ከዚያ ኮሪደሩን አየች፣ እጆቿን አየች። ላብ አጠመቃት።

"ሴይኒ፣ አሁን ቀልድ የለም።"

"አልቀለድኩም" አለች። "ዶክተር፣ በእናቴ አልቀለድኩም።"

ዶክተር ማርጎ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሴይኒ ተነስታ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ የሉፔን ክፍል በር ገፍታ ገባች።

ሉፔ ግማሽ ፀጉሯ ተላጭቶ፣ ጭንቅላቷ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተደግፋለች። ስታያት ዓይኗ ቀላ።

"ማሊያውን ሰጡሽ አይደል?"

"አልሰጡኝም።"

"ውሸታም! ሐኪሟ ወረቀት ይዛ ወዳንቺ ስትመጣ አይቻለሁ!" የውኃ ኩባያዋን አንስታ ወረወረች። ጉልበት የላትም፣ ግን አነጣጠረች፤ ኩባያው ያንኑ አፍንጫ አገኘው። ደሙ እንደገና ወረደ። ሴይኒ አልጠረገችውም።

"ተፈተንኩ" አለች። "በሙሉ ልቤ ነው የተፈተንኩት። አራት ቃል ነው የመጣልኝ፣ ሉፔ። አራት።"

ሉፔ ፌዝ መሆኑን ፊቷ ላይ ፈለገች። አላገኘችም።

"የምርሽን ነው?"

"የምሬን ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እኔ በምን አውቃለሁ? በየዓመቱ ስዋሽ ማን ይለካኝ!"

የሉፔ እንባ መጣ፣ በንዴት በመዳፏ ጠረገችው።

"ዛሬ እዚህ በምን መጣሽ?"

"በመኪናዬ።"

"እየነዳሽ?"

"እየነዳሁ።"

ሉፔ እጇን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አወጣችና ዘረጋች።

"ቁልፉን አምጪ" አለች።

ሴይኒ "አይ፣ ደህና ነኝ" ልትል አፏን ከፈተች። ሉፔ እጇን አላጠፈችም። ሴይኒ ከኪሷ ቁልፉን አውጥታ ሰጠቻት።